የማይጠየቅ አማካሪ፤ ሙታን አነጋጋሪዎችና የመንግሥት ምክር

በየዘመኑ ከሚወሩት የምሥጢር ማኅበራት ታሪኮች መካከል የሰውን ልብ አጥብቆ የሚስበው፣ ከሙታን መናፍስት ጋር እንነጋገራለን የሚሉ ጥቂት ሰዎች በመሐላ ተሳስረው፣ ስማቸው በማንም መዝገብ ሳይጻፍ፣ ከነገሥታትና ከሚኒስትሮች ጆሮ አጠገብ ተቀምጠው የአገርን ዕድል እንደ ፈቃዳቸው ያዞራሉ የሚለው ነው። ልብ ወለድ ደራሲዎች ይህን ሐሳብ ደጋግመው ጽፈውታል፤ አንባቢም ወዶታል፤ የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ አልገባ ሲል ከመጋረጃው በስተኋላ አንድ የተሰወረ እጅ አለ ብሎ ማመን፣ ገዢዎቻችን እንደ ማናችንም ይፈራሉ፣ ይሳሳታሉ ብሎ ከማመን ይልቅ ይቀላልና። ታሪክን በጥሞና ለሚመረምር ሰው የሚገለጥለት ነገር ግን ከዚህ የተለየ፣ በእኔም አስተያየት ከልብ ወለዱ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ሙታን አነጋጋሪዎች ወደ ሥልጣን በቀረቡባቸው፣ በማስረጃ በምናውቃቸው ታሪኮች ውስጥ እንዲህ ያለ ማኅበር አይገኝም፤ አላስፈለገምም። አንድ የተጨነቀ ሹምና አንድ ተጠይቆ የማይመልስ አማካሪ በተዘጋ በር ውስጥ መገናኘታቸው ብቻ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

የነገሩ ጥንታዊ ምሳሌ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ28ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። መናፍስት ጠሪዎችንና ጠንቋዮችን ከምድሩ ያስወገደ ንጉሥ ሳኦል ራሱ ነበረ። ነገር ግን የፍልስጥኤማውያን ጭፍራ በሱነም መስፈሩን ባየ ጊዜ ልቡ ተሸበረ፤ እግዚአብሔርንም በጠየቀ ጊዜ በሕልምም በኡሪምም በነቢያትም መልስ ስላጣ፣ ልብሱን ለውጦ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ አስከትሎ፣ በሌሊት ዓይንዶር ወዳለች አንዲት መናፍስት ጠሪ ቤት ሄደ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት፣ በዚያች ሌሊት የተነሣው በእርግጥ ነቢዩ ሳሙኤል ነው ወይስ የነቢዩን መልክ የለበሰ ርኩስ መንፈስ ነው በሚለው ከጥንት ጀምሮ ተከራክረዋል። ስለ መንግሥት ለሚያስብ ሰው ግን ከዚያ ክርክር የማያንስ ቁም ነገር በታሪኩ ውስጥ አለ። በጉባኤ ያወጣውን ሕግ በጓዳ የሻረው ንጉሡ ነው፤ ለሠራዊቱ ሁሉ የሚተርፈውን ምክር ለመቀበል ሲሄድ የንጉሥነት ልብሱን አውልቆ ነው፤ የጦር አለቃው የአበኔርም ሆነ የልጁ የዮናታን ስም በዚያ ሌሊት ምክር ውስጥ አይጠራም። ፍርሃትና ድብብቆሽ የሚጋቡበት ቦታ ሁልጊዜ ይኸው ነው።

በዘመናዊው ዓለም ሙታንን የማነጋገር ልማድ ሥርዓትና ተከታይ አግኝቶ የተስፋፋው በ1848 ነው፤ በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፣ ሃይድስቪል በምትባል ትንሽ መንደር፣ ማርጋሬትና ኬት ፎክስ የሚባሉ ሁለት እኅትማማቾች በቤታቸው ከሚሰማው የማንኳኳት ድምፅ ጋር ጥያቄና መልስ ጀመርን አሉ። ማርጋሬት ከአርባ ዓመት በኋላ በ1888፣ ድምፁን ያሰሙ የነበረው የእግራቸውን ጣት መገጣጠሚያ በማንኳኳት መሆኑን በሕዝብ ፊት ተናዘዘች፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኑዛዜዋን መልሳ ሻረችው። እምነቱ ግን በዚያን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ነበር። በፓሪስ አላን ካርዴክ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው መምህር በ1857 የመናፍስትን መጽሐፍ አሳትሞ፣ ትምህርቱ ወደ ብራዚልና ወደ ሜክሲኮ ደርሷል። ይህን ሁሉ ያስፋፋው ማታለል ብቻ ነው ማለት ከእውነት መራቅ ነው፤ ኀዘን ነው ያስፋፋው። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ከ600,000 የማያንስ ሰው ሲያልቅ፣ ከልጁ ሬሳ ጋር እንኳ ሳይሰናበት የቀረ ወላጅ አንዲት ቃል ለመስማት ወደ ማንኛውም በር ቢያንኳኳ የሚፈርድበት ሰው ሊኖር አይገባም።

ይህ ኀዘን በ1862 የካቲት ወር ወደ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ቤተ መንግሥት ገባ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ዊሊ በታይፎይድ በሽታ ሞተ፤ እናቱ ሜሪ ሊንከንም መናፍስት ጠሪዎችን ማስጠራት ጀመረች። ከነዚህ አንዷ ነቲ ኮልበርን በ1891 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በ1862 ታኅሣሥ ወር መንፈስ በላይዋ አድሮ ፕሬዚዳንቱ የባሮችን ነጻነት ዐዋጅ እንዳያዘገይ መከረው ስትል ጽፋለች። ይሁን እንጂ ሊንከን የዐዋጁን ረቂቅ ለሚኒስትሮቹ ያነበበው በዚያው ዓመት በሐምሌ 22 ቀን ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ዐዋጅ ለዓለም ያሳወቀው በመስከረም 22 ቀን ነው። ሐሳቡ እንግዲህ መንፈሱ ተናገረ ከተባለበት ቀን በፊት በካቢኔ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ተቃዋሚና ደጋፊ ተከራክሮበት፣ ተጽፎ አልቆ ነበር። ቀኑን ማመሳከር የቻልነውም እውነተኛው ምክር በጽሑፍ ስለ ተገኘ ነው፤ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ የአራት ሚሊዮን ባሮች ነጻነት ዛሬ የአንዲት ወጣት ሴት ሰመመን ውጤት ተብሎ ይነገር ነበር።

ከሁሉም ይልቅ በጥሞና ሊታይ የሚገባው የሜክሲኮው ፍራንሲስኮ ማዴሮ ታሪክ ነው፤ በእርሱ ታሪክ ሙታን አነጋጋሪውና ፖለቲከኛው አንድ ሰው ናቸውና። ማዴሮ በ1873 በኮዋዊላ ክፍለ ሀገር፣ ፓራስ በምትባል ከተማ፣ ከታላላቅ ባለጸጎች ቤት ተወለደ፤ ለትምህርት በፈረንሳይ ሳለ የካርዴክን መጻሕፍት አንብቦ አመነ፤ ወደ አገሩም ከተመለሰ በኋላ እስክሪብቶ ይዞ እጁን ለመንፈስ በመተው መልእክት መጻፍ ጀመረ። በመጀመሪያ የሚናገረው በሕፃንነቱ በእሳት ተቃጥሎ የሞተው ወንድሙ ራውል ነበረ፤ ኋላም ሆሴ የሚባል ሌላ መንፈስ መጣ። መልእክቶቹ ከመጠጥና ከሥጋ እንዲርቅ፣ ራሱን እንዲገዛ፣ ለድኾች እንዲያስብ፣ በመጨረሻም ከ1876 ጀምሮ የሜክሲኮን ሥልጣን የጨበጠውን የፖርፊሪዮ ዲያዝን አገዛዝ እንዲቃወም ያዝዙት ነበር። መንፈሱ የተናገረው፣ ጻድቅ ሕሊና ያለው ዜጋ ሁሉ ለራሱ ሊናገረው የሚገባውን ነው።

ሆኖም የሜክሲኮን ሕዝብ ያንቀሳቀሰው በሌሊት የተጻፈው የመንፈስ መልእክት አልነበረም። ማዴሮ በ1910 ስለሚደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ መጽሐፍ ጻፈ፤ በዚያ መጽሐፍም የአንድ ሰው አገዛዝ አገርን እንዴት እንደሚያመክን በምክንያትና በታሪክ አስረዳ፤ የሕዝብ ድምፅ ይከበር፣ ዳግም መመረጥ ይቅር የሚለውንም ጥያቄ ባቡር ተሳፍሮ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ይህን ማንም ማንበብ፣ ማንም መቃወም ይችል ነበር። ሕዝቡ በ1910 ኅዳር ወር ተነሣ፤ ዲያዝ በ1911 ግንቦት ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ማዴሮም በዚያው ዓመት ኅዳር ፕሬዚዳንት ሆነ። ከአሥራ አምስት ወር በኋላ፣ በ1913 የካቲት፣ ጄኔራል ቪክቶሪያኖ ሁዌርታ ሊከዳው መዘጋጀቱን ያወቀው ወንድሙ ጉስታቮ ጄኔራሉን በጦር መሣሪያ አስገድዶ ፊቱ ቢያቀርበውም፣ ማዴሮ የሁዌርታን መሐላ አምኖ ለቀቀው። ጉስታቮ በጭካኔ ተገደለ፤ ማዴሮና ምክትሉ ፒኖ ስዋሬዝም የካቲት 22 ቀን ሌሊት በጥይት ተገደሉ። እኔ ከዚህ ሰው ሕይወት የምረዳው ይህ ነው፤ የግል እምነቱ ብርታትና ንጽሕና ሰጥቶት ሊሆን ይችላል፤ አገር የጠቀመው ግን ያንን እምነት ወደ ግልጽ ክርክር ተርጉሞ ባቀረበ ጊዜ ነው፤ በማስረጃ የመጣለትን የወንድሙን ማስጠንቀቂያ ቸል ባለ ጊዜ ግን ልቡ በጎ መሆኑ አላዳነውም።

የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ማኬንዚ ኪንግ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ኪንግ በ1921 እና በ1948 መካከል፣ ጥቂት ጊዜ ከሥልጣን ተለይቶ የቆየበት ሲቀር፣ በጠቅላላው ከ21 ዓመት በላይ አገሩን መርቷል፤ በካናዳ ታሪክ ይህን ያህል ዘመን የመራ ሌላ ጠቅላይ ሚኒስትር የለም። በአደባባይ ሲታይ ጥንቁቅ፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገር፣ ሁሉን በሸንጎ የሚያስወስን ሰው ነበረ። በኦታዋ በሚገኘው ቤቱ ውስጥ ግን በ1917 የሞተችውን እናቱን በትንሽ ጠረጴዛ አማካይነት ያነጋግር ነበር፤ ከዲትሮይት የመጣችውን ኤታ ሪድትን፣ በለንደንም ስመ ጥር የሆኑትን መናፍስት ጠሪዎች ይጠይቅ ነበር። ሚስት ያላገባ፣ ልጅ ያልወለደ፣ ወዳጅ የማያበዛ ሰው ስለ ነበረ፣ ሌሎች ከቤተሰባቸው የሚያገኙትን ማጽናኛ ከሙታን ፈለገ። ይህን ሁሉ በየዕለቱ በዕለት ማስታወሻው ጽፎታል፤ በኑዛዜው፣ ለይቶ ካመለከተው ክፍል በቀር እንዲቃጠል ቢያዝም አደራ ተቀባዮቹ አላቃጠሉትም፤ ዛሬ በአገሩ ቤተ መዛግብት ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ነው።

ታሪክ ጸሐፊው ስቴሲ በ1976 ይህን ማስታወሻ መርምሮ ባሳተመው መጽሐፍ፣ መናፍስቱ የካናዳን መንግሥት መርተዋል የሚለውን ወሬ አልተቀበለውም፤ ኪንግ መመሪያውን የሚወስደው ከፖለቲካ ስሌቱ እንጂ ከጠረጴዛው አልነበረም ብሏል። እኔም ይህን ፍርድ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ጉዳት አልነበረም ወደሚለው መደምደሚያ አልደርስም። በ1937 ኪንግ በርሊን ሄዶ ሂትለርን አነጋገረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በማስታወሻው ሂትለርን እንደ እርሱ ለመናፍስት ዓለም ቅርብ የሆነ ባለ ራእይ አድርጎ ገምቶት እናገኛለን። በ1939 መስከረም መጀመሪያ፣ የጀርመን ጦር ፖላንድን በወረረ ማግሥት፣ በጠረጴዛው የመጣለት የአባቱ መንፈስ ሂትለር በአንድ ፖላንዳዊ እጅ ተገደለ ብሎ ነገረው፤ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ መንፈሱ አዲስ እውቀት አላመጣም፤ ያመጣው የኪንግን የልቡን ምኞት በእናትና በአባት ድምፅ አልብሶ ነው። ውዳሴ ከንቱ የሚያቀርብ ባለሟል ቢኖር ሌላ ባለሟል ይቃወመዋል፤ የእናትን ድምፅ ይዞ የሚመጣን ምኞት ግን የሚቃወመው ማን ነው?

ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ በጣሊያን በ1978 የሆነው ነው። መጋቢት 16 ቀን ቀይ ብርጌዶች የተባሉት የትጥቅ ቡድን በሮም በፋኒ መንገድ አምስት ጠባቂዎችን ገድለው የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር አልዶ ሞሮን ጠልፈው ወሰዱ። ሚያዝያ 2 ቀን በቦሎኛ አጠገብ በሚገኝ የገጠር ቤት ጥቂት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከነቤተሰባቸው ተሰብስበው፣ በፊደላት ላይ የሚንቀሳቀስ የቡና ስኒ ማስቀመጫ በጣታቸው ነክተው መናፍስትን ሞሮ የት ነው ብለው ጠየቁ፤ ከመጡትም ቃላት አንዱ ግራዶሊ የሚል ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ኋላ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትርና የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮማኖ ፕሮዲ ሲሆኑ፣ ይህንኑ በ1981 ለፓርላማው መርማሪ ኮሚሽን አስረድተዋል። ወሬው ለባለ ሥልጣናት ደረሰ፤ ፖሊስም ከሮም በስተሰሜን ያለችውን ግራዶሊ የምትባለውን መንደር ከበበና ፈተሸ፤ አንዳች አላገኘም። የቀይ ብርጌዶች መሸሸጊያ ግን በዚያው በሮም ከተማ ውስጥ፣ ግራዶሊ በሚባል መንገድ ላይ ነበር፤ የተገኘውም ሚያዝያ 18 ቀን ውኃ ወደ ታችኛው ቤት በማፍሰሱ ነው። ግንቦት 9 ቀን የሞሮ ሬሳ በመኪና ውስጥ ተጥሎ ተገኘ።

በጣሊያን ብዙ ሰዎች፣ ያን ቃል መንፈስ አልተናገረውም፤ ምንጩን መግለጥ ያልፈለገ ወይም የፈራ ሕያው ሰው የሰጠው ጥቆማ በመናፍስት ስም ተሸፍኖ ቀረበ ብለው እስከ ዛሬ ይጠረጥራሉ። በቦታው የነበሩት ግን እንዲህ አልሆነም ብለዋል። እኔ በዚህ ላይ ለመፍረድ ማስረጃ የለኝም፤ ስለ ምክር ባሕርይ የሚያስተምረው ነገር ግን በሁለቱም ወገን አንድ ነው። ጥቆማው ከሰው መጥቶ ቢሆን ኖሮ ፖሊስ፣ ግራዶሊ ስትል መንደሩን ነው ወይስ መንገዱን፣ ከማን ሰማህ፣ መቼ ሰማህ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ከመንፈስ መጣ በተባለ ጊዜ ግን የሚጠየቅ አካል ጠፋ፤ ምስክሩ መስቀለኛ ጥያቄ የማይደርስበት ሆነ፤ ምናልባት የአንድ ሰው ሕይወት ሊያድን ይችል የነበረ ቃል በተሳሳተ ቦታ ፈሰሰ።

የእኛም አገር የፍርድ ታሪክ ይህን ጉዳት ያውቀዋል። ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድ አንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሰመመን እየሮጠ ከሰው ቤት ገብቶ በወደቀ ጊዜ ባለቤቱ ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ይህ የመንደር ጨዋታ አልነበረም፤ ሹመትና የመንግሥት ፈቃድ ነበረው። ብላቴናው ሲነቃ ምን እንዳየ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም አያውቅም፤ የተያዘው ሰው ደግሞ ሰመመንን በምን ቃል ይከራከረዋል? በሌላ በኩል ያው የአባቶቻችን ሥርዓት እጅግ የሚያስመሰግን ነገር ነበረው፤ በዙፋን ችሎት ፍርድ ሲሰጥ ከታናሹ ዳኛ ተጀምሮ እስከ ታላቁ ድረስ እያንዳንዱ አስተያየቱን ቆሞ በጉባኤ ይናገር ነበር፤ የንጉሡ ቃል በመጨረሻ ይመጣል። ታናሹ ታላቁን ፈርቶ እንዳያጎበድድ፣ የሁሉም ሐሳብ በሁሉም ፊት እንዲመዘን የተሠራ ጥበብ ነው። በአንድ አገር ውስጥ ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አንዱ በጊዜው በሕግ ቀርቷል፤ ሁለተኛው ዛሬም ልንመለስበት የሚገባ ነው።

በቅርብ ዘመን ሕዝብ ይህን ልዩነት በትክክል ለይቶ የተናገረበት አገር ደቡብ ኮሪያ ነው። የፕሬዚዳንት ፓርክ ግዩን ሄ እናት በ1974 በጥይት ከተገደለች በኋላ፣ ቾይ ቴ ሚን የሚባል የአንድ አዲስ እምነት መሪ እናትሽ በሕልሜ ተገለጠችልኝ ብሎ ወደ ልጅቱ እንደ ቀረበ በሰፊው ይነገራል። የዚያ ሰው ሴት ልጅ ቾይ ሱን ሲል የፕሬዚዳንቷ የቅርብ ወዳጅ ሆና፣ አንዳች የመንግሥት ሹመት ሳይኖራት፣ የፕሬዚዳንቷን የንግግር ረቂቆች አስቀድማ ስትቀበልና ስታርም እንደ ነበረች በ2016 ጥቅምት ወር በጋዜጠኞች ተገለጠ። ስለ መናፍስትና ስለ ምሥጢራዊ ሥርዓት ብዙ ወሬ ተወራ፤ ፓርክም በቤተ መንግሥት እንዲህ ያለ ሥርዓት አልተደረገም ብላ ለሕዝብ ተናገረች። ሕዝቡ ሻማ ይዞ በየቅዳሜው ወደ አደባባይ ሲወጣ፣ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤትም በ2017 መጋቢት 10 ቀን ስምንቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ ከሥልጣን ሲያወርዷት፣ ፍርዱ የቆመው በወሬው ላይ አልነበረም። የመንግሥት ምሥጢር ላልተሾመ ሰው ተሰጠ፤ ሥልጣን ለግል ወዳጅ ጥቅም ዋለ፤ ነገሩም ከሕዝብና ከምክር ቤት ተሰወረ በሚለው ላይ ቆመ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ አንድ ነው። የመናፍስት ጠሪዎች ምሥጢራዊ ማኅበር አለ የሚለው ወሬ፣ እውነት መስሎ ቢታይም፣ ሥልጣንን ከመመርመር ይልቅ ገዢውን ነጻ ያወጣል፤ ጥፋቱ የማይታዩት ሰዎች ነው ካልን የሚታየውን ሹም ማን ይጠይቀዋል? ሳኦልን ወደ ዓይንዶር የወሰደው ማኅበር አልነበረም፤ እግሩ ነበር። የኪንግን ጠረጴዛ በኦታዋ ያስቀመጠው ኪንግ ነው። የሴኡሉን ረቂቅ ከቤተ መንግሥት ያስወጣው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። አማካሪው መንፈስ ይሁን፣ ኮከብ ቆጣሪ ይሁን፣ ባለጸጋ ወዳጅ ይሁን፣ የሩቅ አገር ሊቅ ይሁን፣ ለአገር የሚያስከትለው አደጋ የሚለካው በማንነቱ አይደለም፤ የሚለካው ምክሩ ተጽፎ ሊገኝ፣ ተቃዋሚ ሊሰማው፣ ቢሳሳትም ሰጪው በስሙ ሊጠየቅበት በመቻሉና ባለመቻሉ ነው።

ያዘነ ሰው በጸሎቱም ሆነ በትዝታው የሞተበትን ሰው ድምፅ ቢፈልግ የራሱ ጉዳይ ነው፤ መንግሥትም ወደ ሰው ልብ ጓዳ ሊገባ አይገባም። ነገር ግን የሕዝብ አደራ የተቀበለ ሰው በዚያ አደራ ላይ የሚወስነውን በጓዳ ሊሰማ አይፈቀድለትም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ገዢዎችህ ስታስብ በምን ያምናሉ ብለህ ከመጠየቅህ በፊት፣ ማንን ያማክራሉ፣ ምክሩስ የት ተጽፏል፣ ማንስ ይመልስበታል ብለህ ጠይቅ፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የማይሰጥ ሹም፣ አማካሪው ሕያውም ይሁን ሙት፣ የአገር አደራ ሊሰጠው አይገባም።